እያሳሳቀ የሚወስድ አየር

(የመግቢያ ሙዚቃ ከፍ ብሎ ይሰማል፤ ቀስ በቀስ ዝቅ ይላል)

በአሊዩ አምባ፣ በሸዋ ሮቢትና በመላው የይፋት ቆላ የምትገኙ፣ ከማሳ የተመለሳችሁም ከገበያ የገባችሁም፣ የዛሬው ትምህርታችን በሰርጓጅ መርከብ ውስጥ፣ ከባሕር በታች የታፈኑ ሰዎች በሕይወት የሚወጡበትን መንገድ ይመለከታል።

«ባሕሩ የት፣ እኛ የት?» የሚል አድማጭ ቢኖር አልፈርድበትም። ነገር ግን ባሕር ለአሊዩ አምባ ባዳ ሆኖ አያውቅም። በድሮው ዘመን ከታጁራ ወደብ የተነሳ የግመል ቅፍለት የአፋርን በረሃ አቋርጦ ወደ ሸዋ ሲወጣ ጭነቱን የሚያራግፈው እዚሁ ነበር። በ1833 ዓ.ም ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የተላከው የእንግሊዝ መልእክተኛ፣ ካፒቴን ሐሪስ፣ ወደ አንኮበር የወጣው በዚሁ መንገድ ነው። ከባሕሩ ዳር አካባቢ የተነሳው ጨው በግመል ጀርባ ተጭኖ ገበያችን ይደርስ ነበር። እንግዲህ አባቶቻችን ባሕሩን ባያዩትም ቀምሰውታል ማለት ነው።

ዛሬም ከቀይ ባሕር እንነሳና፣ መጨረሻ ላይ የጓሯችን ጉድጓድ አፍ ላይ እንቆማለን። እስከዚያ ድረስ አብራችሁኝ ቆዩ።

(አጭር ሙዚቃ)

ፋሺስት ኢጣሊያ አገራችንን በወረረበት ሰሞን ለባሕር ኃይሉ 17 ሰርጓጅ መርከቦችን አሠራ። ስም ሲያወጣላቸው ደግሞ በምሥራቅ አፍሪካ የያዛቸውን ቦታዎች ስም ሰጣቸው። አንዱን አድዋ፣ ሌላውን አክሱም አለው፤ ጎንደር፣ ደሴ፣ ተምቤን፣ አሸንጌ፣ ነጌሌ፣ ደጋሃቡር፣ አላጌ እያለ ቀጠለ። የምድራችን ስም በባዕድ ብረት ላይ ተጽፎ በባሕር ተበተነ። ከ17ቱ መካከል ጦርነቱን አልፎ የተረፈው አንዱ ብቻ ነው፤ እሱም አላጌ። ከሁሉም ቀድሞ የጠፋው ደግሞ መቀሌ የተባለው ነበር። ትምህርታችንም ከእሱ ይጀምራል።

ጊዜው ሰኔ 1932 ዓ.ም ነው። ኢጣሊያ ወደ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት እንደገባች «መቀሌ» ከምጽዋ ወደብ ተነስቶ ወደ ፖርት ሱዳን አቅጣጫ አመራ። ቆላ የምትኖሩ አድማጮቻችን ሙቀትን ታውቁታላችሁ፤ የምጽዋ የሰኔ ሙቀት ግን ሌላ ነው። በዚያ ሙቀት፣ በተዘጋ የብረት በርሜል ውስጥ፣ ሞተር እየነደደ፣ አርባ የሚያህሉ ሰዎች ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተው ይሠራሉ። ስለዚህ መርከቡ ማቀዝቀዣ መሣሪያ ተገጥሞለት ነበር። በማቀዝቀዣው ቧንቧዎች ውስጥ የሚዘዋወረው ጋዝ ሜቲል ክሎራይድ ይባላል። ቀለም የለውም፤ ሽታው ቀላል፣ ለስለስ ያለ ስለሆነ ብዙ ሰው ልብ አይለውም።

ቧንቧው አፈተለከ። ጋዙ ከሚተነፍሱት አየር ጋር ተቀላቀለ። ሜቲል ክሎራይድ ጉሮሮን አንቆ አያስጠነቅቅም፤ የሚመታው አእምሮን ነው። ሰውየው ራሱ ይዞርበታል፣ ሚዛኑን ይስታል፣ ሐሳቡ ይምታታበታል፣ አንዳንዱም ይቃዣል። ሰካራም መስከሩን እንደማያምን ሁሉ፣ ይህ ጋዝ የያዘው ሰውም ደህና የሆነ ይመስለዋል። አባቶቻችን «ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል» ይላሉ። እዚህ ግን እያሳሳቀ የወሰደው አየሩ ነው።

ሰኔ 8 ቀን ሌሊት «መቀሌ» መንገዱን ስቶ፣ ባር ሙሳ ከቢር ከምትባል፣ ከሱዳን ጠረፍ ፊት ለፊት ካለች ደሴት አጠገብ ከኮራል ድንጋይ ጋር ተላተመ። ሰዎቹ ወደ ደሴቲቱ ወጡ፤ መርከቡ ግን ተንሸራቶ ሰጠመ። ደሴቲቱ ዛፍም ምንጭም የሌላት ራቁት መሬት ናት። ጥቂት መርከበኞች በአንዲት ትንሽ ጀልባ ወደ ኤርትራ ጠረፍ ለእርዳታ ተላኩ። ደርሰውም ተናገሩ። ሰኔ 15 ቀን ጉልየልሞቲ የተባለ ሌላ ሰርጓጅ መርከብ መጥቶ የተረፉትን ጭኖ ወሰዳቸው። አንድ መርከበኛ እዚያው ሞቶ በአሸዋው ተቀብሮ ነበር። አጽሙ ወደ ትውልድ አገሩ የተመለሰው ከ75 ዓመታት በላይ ቆይቶ ነው።

በዚያው ወር ከምጽዋ በወጡ ሌሎች የኢጣሊያ ሰርጓጅ መርከቦችም ይኸው ጋዝ አፈትልኮ ሰው መርዟል። እንግዲህ አስቡት፤ «መቀሌ»ን ቦምብ አልመታውም፣ ጠላትም አላገኘውም። ያጠፋው ራሱ ይዞት የዞረው አየር ነው። የተረፉትን ያዳናቸው ደግሞ አንዲት ትንሽ ጀልባና መልእክቱን ሰምቶ የመጣ ወገን ነው። እነዚህን ሁለት ነገሮች፣ አየሩንና ከውጭ ያለውን ወገን፣ በልባችሁ ያዙልኝ።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን ወደ ትምህርቱ ዋና ክፍል እንግባ። ሰርጓጅ መርከብ ተበላሽቶ ከባሕር ወለል ላይ ቢቀመጥ፣ በውስጡ በሕይወት ያሉት ሰዎች ምን ይገጥማቸዋል?

የመጀመሪያው ጠላት ውሃው ይመስላችኋል። አይደለም፤ የራሳቸው ትንፋሽ ነው። ሰው ሲተነፍስ ኦክስጅን ያስገባል፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያስወጣል። በተዘጋ ክፍል ውስጥ ኦክስጅኑ ሳያልቅ ቀድሞ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ይበዛና ሰውን ይጥላል። ራስ ምታት ይጀምራል፣ ትንፋሽ ይፈጥናል፣ ከዚያም ጉልበትና ማስተዋል ይከዳል። ለዚህም ነው መርከቦቹ ካርቦን ዳይኦክሳይድን መጥጦ የሚይዝ እንደ ኖራ ያለ ዱቄትና፣ ሲለኮስ ኦክስጅን የሚያወጣ ሻማ መሰል መሣሪያ የሚይዙት። ሰዎቹም የሚሠሩት ሥራ ከሌለ ጋደም ብለው እንዲቆዩ፣ ብዙም እንዳይነጋገሩ ይታዘዛሉ። ዝም ብሎ መተኛት እዚያ ቤት ስንፍና ሳይሆን ስንቅ መቆጠብ ነው።

አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። ግንቦት 24 ቀን 1931 ዓ.ም «ቴቲስ» የተባለ አዲስ የእንግሊዝ ሰርጓጅ መርከብ በሊቨርፑል አቅራቢያ ለሙከራ ወጣ። ከመርከበኞቹ ሌላ የመርከብ ሠሪው ድርጅት ሠራተኞችና እንግዶች ስለነበሩበት በውስጡ 103 ሰው ነበር። የቶርፔዶ ማስወንጨፊያው ቱቦ ውስጡ ውሃ መኖር አለመኖሩን የምታሳይ ጠባብ ቀዳዳ ነበረችው፤ እሷ ግን በቀለም ተደፍና ነበር። ውሃ ሳይታይ በመቅረቱ የውስጡ በር ተከፈተና ባሕሩ ገባ። መርከቡ በአፍንጫው ተተከለ። በማግስቱ ጅራቱ ከውሃ በላይ ቀጥ ብሎ ይታይ ነበር። ሰው አይቶታል፣ መርከብ ደርሶለታል። ዳሩ ግን የመጡት ጅራቱን ቀዶ ሰው የሚያወጣ መሣሪያ በእጃቸው አልነበረም። አየሩ ደግሞ ሰዓቱን ጠብቆ ተበላሸ። ከ103ቱ የዳኑት 4 ብቻ ናቸው።

ሁለተኛው ጠላት የውሃው ክብደት ነው። በውሃ ውስጥ 10 ሜትር በወረድን ቁጥር በላያችን የሚጫነው ግፊት፣ ከምድር በላይ ያለውን የአየር ግፊት ያህል ይጨምራል። በ50 ሜትር ጥልቀት ላይ ወርዱ 60 ሳንቲ ሜትር የሆነ ክብ መዝጊያ አለ እንበል። በላዩ የሚያርፈው የውሃ ጭነት ወደ 140 ኩንታል ይጠጋል። በጓሮአችሁ ጉድጓድ ክዳን ላይ 140 ኩንታል ማሽላ ተደርድሮ ከውስጥ ሆናችሁ ክፈቱ ብትባሉ ትችላላችሁ? አትችሉም። ታዲያ መርከበኛው እንዴት ይወጣል?

(ለአፍታ ዝምታ)

መልሱ እንግዳ ይመስላል፤ ውሃውን ራሱ ያስገባዋል። አንድ ሰው ወይም ሁለት ሰው የሚይዝ ጠባብ የመውጫ ክፍል አለ። ሰውየው ይገባል፣ ከበታቹ ይዘጋል፣ ከዚያ ውሃና አየር እንዲገባ ይደረጋል። የውስጡ ግፊት ከውጪው ግፊት ጋር ሲስተካከል፣ ያ 140 ኩንታል ሸክም ከክዳኑ ላይ ይወርዳል፤ ክዳኑም በቀላሉ ይከፈታል። ሰውየው የሚለብሰው ልዩ የማምለጫ ልብስ አየር የተሞላ ነው፤ ራስ ላይ የሚደፋው ኮፍያም ሰውየው እየተነፈሰ እንዲወጣ ያስችለዋል። ዛሬ ያሉት ልብሶች እስከ 180 ሜትር ጥልቀት ድረስ እንዲያገለግሉ የተሠሩ ናቸው። ላይ ሲደርስ ብርዱን ይከላከሉለታል፣ ተንሳፍፎም እንዲቆይ ይረዱታል።

ይሁን እንጂ ወደ ላይ የሚወጣ ሰው ትንፋሹን መያዝ የለበትም። ጥልቅ ውሃ ውስጥ የታመቀ አየር ወደ ላይ በወጣ ቁጥር ይለጠጣል። ከ10 ሜትር እስከ ላይ ድረስ ብቻ እጥፍ ይሆናል። ትንፋሹን ውጦ የወጣ ሰው ሳንባው ከልክ በላይ እንደተነፋ ፊኛ ይቀደዳል።

ሌላም አደጋ አለ። አምቦ ውሃ የከፈታችሁ ሁሉ ታውቁታላችሁ። ጠርሙሱ እንደተዘጋ ጋዙ አይታይም፤ ክዳኑ «ፍስስ» ብሎ ሲከፈት ግን ከየት መጣ ሳይባል ይንተከተካል። ሰውም በከፍተኛ ግፊት ውስጥ ሲቆይ የሚተነፍሰው አየር ወደ ደሙ ይሰርጋል። በድንገት ወደ ላይ ከወጣ ደሙና መገጣጠሚያው ውስጥ እንደ አምቦው አረፋ ይፈጠራል፤ ሽባ ሊያደርገው፣ ሊገድለውም ይችላል። ለዚህ ነው አዳኞች የግፊት ክፍል ይዘው የሚሄዱት። ሰውየው እዚያ ገብቶ ግፊቱ በሰዓታት ውስጥ ቀስ እያለ ይቀንስለታል፤ ጠርሙሱን በጥቂት በጥቂቱ እንደ መክፈት ማለት ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

ሰዎቹ ራሳቸው መውጣት ካልቻሉ የሚቀረው መንገድ ከላይ ወርዶ ማውጣት ነው። ለዚህ ክፍል አንድ ሙከራ እንሥራ። ልጆች፣ አንድ ባልዲ ውሃና አንድ ደረቅ ብርጭቆ አምጡ። ቁራጭ ወረቀት ጨምድዳችሁ ከብርጭቆው ውስጥ፣ ከግርጌው ወትፉት። ብርጭቆውን ገልብጡና ሳታዘነብሉ ቀጥ አድርጋችሁ ወደ ውሃው ስደዱት። አውጡትና ወረቀቱን ዳብሱት። ደረቅ ነው። ምክንያቱም ብርጭቆው ውስጥ ያለው አየር ውሃውን አላስገባም። የነፍስ አድን ደወል የሚባለው ትልቅ የብረት ክፍል የተነሳውም ከዚህ ሐሳብ ነው።

ግንቦት 15 ቀን 1931 ዓ.ም፣ ከቴቲስ አደጋ 9 ቀን ቀደም ብሎ፣ «ስኳለስ» የተባለ የአሜሪካ ሰርጓጅ መርከብ በኒው ሃምፕሸር ጠረፍ አጠገብ ሰጠመ። የአየር ማስገቢያው ቧንቧ ሳይዘጋ ጠልቆ ነበር። በኋለኛው ክፍል የነበሩ 26 ሰዎች ሞቱ፤ በፊተኛው የነበሩት 33 ግን በ74 ሜትር ጥልቀት ላይ በሕይወት ተዘግተው ቀሩ። ስልክ የተገጠመለት ተንሳፋፊ ወደ ላይ ለቀቁ፤ ሌላ ሰርጓጅ መርከብም አየው። ከዚያ ደወሉ መጣ።

አንድ ጠላቂ ወርዶ ከመርከቡ መዝጊያ ላይ የብረት ገመድ አሰረ። ደወሉ በዚያ ገመድ እየተጎተተ ወርዶ መዝጊያው ላይ ተቀመጠ። ከደወሉ ግርጌ ዙሪያውን የጎማ ማሸጊያ አለ። በታችኛው ክፍል ያለው ውሃ ሲወጣና ግፊቱ ሲቀንስ የውጪው ባሕር ራሱ ደወሉን ጨምቆ ከመርከቡ ጋር ያጣብቀዋል። ይህን ለመረዳት ከዋግምት የተሻለ ምሳሌ የለም። ቀንዱ ቆዳ ላይ ተደፍቶ አየሩ ሲመጠጥ ሙጭጭ ይል የለ? ደወሉም እንዲሁ ነው። በመጀመሪያው ጉዞ 7፣ በሁለተኛው 9፣ በሦስተኛው 9 ሰው አወጣ። በአራተኛው ጉዞ 8 ሰዎችን ይዞ ሲወጣ ገመዱ ተያዘ፤ የገመዱ ክሮችም መበጣጠስ ጀመሩ። በብዙ ጭንቅ እኩለ ሌሊት ገደማ ላይ ደረሱ። ሠላሳ ሦስቱም ዳኑ።

ሁለቱን መርከቦች አስተያዩልኝ። ስኳለስ 74 ሜትር ተቀብሮ 33 ሰው ወጣ። ቴቲስ ጅራቱ ፀሐይ እየሞቀ 99 ሰው አለቀ። ልዩነቱ የጥልቀቱ አይደለም። ለስኳለስ የወረደው ደወል ከአደጋው ዓመታት ቀድሞ ተሠርቶ፣ ተሞክሮ፣ ሰው ሠልጥኖበት ተዘጋጅቶ ነበር። ጀግና በሁለቱም ቦታ ነበር፤ ዝግጅት ግን በአንዱ ብቻ ነበር።

እርዳታን በጊዜ መጥራትም የዝግጅት አንዱ ክፍል ነው። ነሐሴ 6 ቀን 1992 ዓ.ም የሩሲያው ሰርጓጅ መርከብ «ኩርስክ» በውስጡ ፍንዳታ ደርሶ በባረንትስ ባሕር፣ በ108 ሜትር ጥልቀት ሰጠመ። ከ118ቱ መርከበኞች 23ቱ ከፍንዳታው ተርፈው በመጨረሻው ክፍል ተሰባስበው እንደነበር፣ አንድ መኮንን በጨለማ የጻፈው ማስታወሻ በኋላ ተገኝቶ አስረዳ። የኖርዌይ ጠላቂዎች ተጠርተው መዝጊያውን የከፈቱት በዘጠነኛው ቀን ነው፤ በሕይወት የተገኘ አልነበረም። ከአምስት ዓመት በኋላ ግን ሌላ ትንሽ የሩሲያ ጠላቂ መርከብ 7 ሰው እንደያዘ በፓስፊክ ውቅያኖስ በገመድና በመረብ ሲተበተብ፣ ሩሲያ ወዲያው ድረሱልኝ አለች። እንግሊዞች ከሩቅ የሚነዳ ሰው አልባ መሣሪያ በአውሮፕላን ጭነው ደረሱ፣ መረቡንም ቆረጡት። ሰባቱም ወጡ። ዛሬ የትኛው አገር ምን ዓይነት የማዳኛ መሣሪያ እንዳለውና የት እንዳለ የሚከታተል ዓለም አቀፍ የመገናኛ ቢሮ አለ፤ የተቋቋመውም ከኩርስክ በኋላ ነው።

የማዳን ሥራ ግን ልክ አለው። በ2010 ዓ.ም የአርጀንቲናው ሰርጓጅ መርከብ «ሳን ሁዋን» 44 ሰዎችን ይዞ ጠፋ፤ ከአንድ ዓመት በኋላ የተገኘው በ907 ሜትር ጥልቀት ላይ ነው። በዚያ ጥልቀት ብረቱ ራሱ ይጨፈለቃል፤ የሚታደገው መሣሪያ የለም።

(አጭር ሙዚቃ)

አገራችን ምጽዋን መናኸሪያው ያደረገ የባሕር ኃይል ነበራት። ሰርጓጅ መርከብ ግን አልነበረውም። ከ2010 ዓ.ም ወዲህ ባሕር ኃይሉ እንደገና እየተደራጀ ነው። ይሁንና ሰርጓጅ መርከብ ባይኖረንም በየመንደራችን ጠባብ፣ ጨለማና አየር የማይገባበት ቦታ አለን። የውሃ ጉድጓድና የእህል ጉድጓድ ማለቴ ነው።

ማሽላ የተከማቸበት የእህል ጉድጓድ ተዘግቶ ሲቆይ እህሉ ራሱ ይተነፍሳል። ኦክስጅኑን ይጨርስና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሞላዋል። ይህ ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ ወደ ላይ አይወጣም፤ እንደ ውሃ ታች ይተኛል። በውሃ ጉድጓድም እንዲሁ ሊከማች ይችላል። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ውሃ ለመሳብ ተብሎ በነዳጅ የሚሠራ ሞተር ጉድጓድ ውስጥ ሲወርድ ነው። ጭሱ ካርቦን ሞኖክሳይድ አለበት፤ ይህ ጋዝ ሽታም ቀለምም የለውም። በ«መቀሌ» ውስጥ እንደነበረው ሁሉ ሰውየው መመረዙን ሳያውቅ ጉልበቱ ይከዳዋል።

ቀጥሎ የሚመጣውን ታውቁታላችሁ። አንዱ ወርዶ ዝም ይላል። ወንድሙ ተጨንቆ ይወርዳል፤ እሱም ዝም ይላል። ሦስተኛው ይከተላል። የመጀመሪያውን የገደለው አየር ሁለተኛውንም ሦስተኛውንም ይገድላል። ይህ ፍቅር ነው፤ ግን ያለ መሣሪያ የሚወርድ ፍቅር ከአንድ ቤት ሁለትና ሦስት ሬሳ ያወጣል።

ስለዚህ ከባሕር ሰዎች የተማርነውን ወደ ጉድጓዳችን እናምጣ።

አንደኛ፣ ማንም ሰው ብብቱ ሥር በሚያልፍ ጠንካራ ገመድ ሳይታሰር አይውረድ። ገመዱ ወገብ ላይ ብቻ ከሆነ፣ ራሱን የሳተ ሰው ሲጎተት ይታጠፋል።

ሁለተኛ፣ አንድ ሰው ሲወርድ ከላይ ጎትተው ሊያወጡት የሚችሉ ሰዎች ይቁሙ። በገመዱ የምትነጋገሩበትን ምልክት ቀድማችሁ ተስማሙ። መልስ ከጠፋ ምክንያቱን ሳታጣሩ ጎትቱ።

ሦስተኛ፣ የእህል ጉድጓድ ተከፍቶ በደንብ ሳይናፈስ አይገባበት። ሲከፈትም አፉ ላይ አትጎንበሱ። ኩራዝ አውርዶ መሞከር የቆየ ዘዴ ነው፤ መብራቱ ከጠፋ ፈጽሞ አትግቡ። ባይጠፋ ግን ዋስትና አይደለም፤ ካርቦን ሞኖክሳይድን ኩራዝ አያውቀውም። የሚቀጣጠል ጋዝ ባለበት ደግሞ እሳቱ ራሱ አደጋ ነው።

አራተኛ፣ የነዳጅ ሞተር ጉድጓድ ውስጥ አይግባ፣ አፉም ላይ አይቀመጥ። ሞተሩ ከጉድጓዱ ይራቅ፣ ጭሱም ነፋስ ወደሚወስደው ወገን ይዙር።

አምስተኛ፣ ሳይታሰር የወረደ ሰው ከወደቀባችሁ፣ የመተንፈሻ መሣሪያ የሌለው ሰው አይከተለው። ጩኹ፣ ሰው ሰብስቡ፣ ለፖሊስና ለጤና ጣቢያ አስታውቁ፤ ንጹሕ አየር ወደ ታች የምታስገቡበትን መንገድ ፈልጉ። የወጣውን ሰው ነፋሻ ቦታ አስተኙት፤ ካልተነፈሰ ትንፋሽ እየሰጣችሁ በፍጥነት ወደ ሕክምና አድርሱት።

ከመሰናበታችን በፊት ሁለት ጥያቄ ልተውላችሁ፤ ማታ እሳት ዳር ተወያዩባቸው። «መቀሌ»ን ያሰጠመው ምን ነበር? በጥልቁ የሰጠመው ስኳለስ ሰው ሲወጣለት፣ ጅራቱ ከውሃ በላይ የታየው ቴቲስ ለምን ሰው አለቀበት? ሁለቱን የመለሰ ቤተሰብ የዛሬውን ትምህርት ይዟል።

ነገ ጉድጓድ የምትቆፍሩ፣ የምትጠርጉ፣ እህል የምታወጡ ሁሉ፣ መቆፈሪያውን ከማንሳታችሁ በፊት ገመዱን ፈትሹ፤ ገመዱን የሚይዙ ሰዎችም ከላይ መቆማቸውን እዩ። ያን ሳታደርጉ አትውረዱ።



(የመዝጊያ ሙዚቃ)